በእህቴ ካርድ ላይ ስለተጻፉት ሁለት ቃላት፣ ለሆስፒታላችን የሕክምና ዋና ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሕክምና ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ፤ ይህንንም የምመኘው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ በራስዎ ሆስፒታል በር ላይ ካርድ ለማውጣት ተሰልፈው ማየት ስለማልፈልግ ጭምር ነው። ቤተሰብዎ ደኅና፣ እንቅልፍዎ የተመቸ፣ የደም ግፊትዎም መቶ ሃያ በሰማንያ ይሁንልዎ። ከዚያ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን፣ የሚታዘዝልዎትን ኪኒን ከመጀመርዎ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በይፋ እንዲወጣ ያደረግሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። እህቴ የተዋረደችው በአደባባይ ስለሆነና ካዋረዷትም ሰዎች አንዱ እኔ ስለሆንኩ፣ ማፈሬም በአደባባይ ይሁን ብዬ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ስህተት እየለቀምኩ የኖርኩ አራሚ ነኝ። ባልደረቦቼ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉኛል፤ ምክንያቱን ስጠይቃቸው የሸሚዜ የግራ ኪስ ከቀይ ቀለም ተለይቶ ስለማያውቅ ነው ይሉኛል፣ ከጀርባዬ የሚሉትን ግን እኔም አልጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩኝም። ሆስፒታልዎ የሚገለገልባቸው የታካሚ ካርዶች የሚታተሙት በእኛ ዘንድ ስለሆነ የክቡርነትዎን ፊርማ ከብዙ ሰው በተሻለ አውቀዋለሁ። ይህችን ነገር ለጊዜው በልብዎ ያቆዩልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ደብዳቤው የሚመለከታት ታላቅ እህቴን ነው። እታለም ነው የምላት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ እሷው አዝላ፣ እሷው አጥባ፣ እሷው ቆንጥጣ አሳድጋኛለች። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው፤ የዚህ ሠፈር ተማሪ ሁሉ የለበሰውን የደንብ ልብስ የሰፋችው እሷ ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝም በጨርቅ መቁረጫዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ልኬት በምታሰምርበት ጠፍጣፋ ጠመኔ እየጻፈች ነበር። የተጻፈን ነገር ማመን የተማርኩት እንግዲህ ከእሷ እጅ ነው፤ ይህን ትምህርት በማን ላይ እንዳዋልኩት ወደ ታች ያገኙታል።

ባለፈው ዓመት የእታለም ደም ግፊት ከፍ ብሎ ስለተገኘ አንድ ኪኒን ታዘዘላት፣ እሱ አልበቃ ሲል ደግሞ ሽንት የምታበዛ ሌላ ትንሽ ነጭ ኪኒን ተጨመረችላት። ሁለተኛዋን በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ እጅጌ ስትቆርጥ፣ ከደረቷ ሥር ተነሥቶ ጀርባዋን የሚወጋ ሕመም ጣላት። ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። ወደ ሆስፒታልዎ ይዣት ስመጣ ደሟ ተመረመረ፤ ቆሽቷ በኃይል መቆጣቱም ተነገረን። እኛ ሰዎች «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ስንናደድ ነው፤ እታለም ግን እኔን ያህል ሰው አሳድጋ ይህን ስትል አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። አልትራሳውንድ ተነሣች፣ የሐሞት ጠጠርም አልተገኘባትም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ሄዷል። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ላሳዩት ጽናት ላመሰግን እወዳለሁ። እኚህ ሐኪም፣ ቆሽት የተቆጣው ሰው ጠጠር ከሌለበት ጠጪ ነው የሚል ትምህርት በጥሩ ውጤት ያለፉ ይመስለኛል። የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ፊት ቆመው «አንቺ» እያሉ፣ በመጀመሪያ ትጠጪያለሽ ወይ አሏት፤ እሷም «አልጠጣም፣ ልጄ» አለች። ቀጥለው በቀን ስንት ትጠጪያለሽ አሏት፤ «አልጠጣም፣ ልጄ» አለች። በሦስተኛው፣ እውነቱን ብትነግሪኝ ለራስሽ ነው የሚበጅሽ አሏት፤ እሷም ሕመሙ እያጎበጣት ያንኑ መለሰች። ሦስት ጊዜ የተሰጣቸውን መልስ ባለመስማት ጊዜ እንዳይባክን፣ በካርዱ ላይ አልኮል በሚለው መስመር እንዲህ ብለው ሞሉ፦ «ትጠጣለች፤ ትክዳለች።» በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ሰውን በሁለት ቃላት ጠጪም ውሸታምም ያደረገ እንዲህ ያለ ቁጥብ አረፍተ ነገር አላረምኩም። ሰካራምነቱ ቢፋቅ እንኳ ውሸታምነቱ እንዲቀር ሆኖ የተሠራ ነው። ምን ምን መድኃኒት እንደምትወስድና መቼ እንደጀመረች ግን የጠየቃት አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ።

እታለም በሕይወቷ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ መሆን ነበረብኝ።

ሁለተኛ፤ በክፍሉ ውስጥ ላለው የድምፅ ጥራት ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል፣ አልጋና አልጋ መካከል መጋረጃ እንኳ በሌለበት፣ ሐኪሙ በጠዋቱ ጉብኝት ለተከተሏቸው ሁሉ «ይቺ የመጠጥ ናት» ሲሉ ቃሉ በመስኮቱ በኩል ያለችው ሕመምተኛ ዘንድ ሳይንተባተብ ደረሰ። ያቺ ሕመምተኛ ልጆቿን የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የደንብ ልብሱን የሚያሰፋው ከእታለም ዘንድ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ ርዕሰ መምህሩ ሰው ልከው፣ እንድታርፍ ስላሰቡላት ብቻ የዘንድሮውን ሥራ ለሌላ መስጠታቸውን አስታወቋት። እሷም ስላሰቡላት አመሰገነች። ለምን እንዳሰቡላት የገባት ቆይቶ ነው።

ሰባት ቀን ሙሉ በአፏ ምግብም ኪኒንም ሳይገባ፣ በክንዷ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ ብቻ ቆይታ ተሻላት። ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ ሁለት ትእዛዝ ነበር፦ መጠጥ ፈጽሞ ታቁም፤ የግፊት መድኃኒቶቿን ሳታቋርጥ ትውሰድ። ጽሑፉ የሚነበብ ነበር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ተራ ቁጥሩን ላቋርጥ ግድ ሆነብኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሆስፒታልዎ ጥፋት አይደለም፤ ባስቀምጠው ደስ የሚለኝ ዓምድ ግን አላገኘሁም።

እኔ ካርዱን አመንኩት።

ሕፃን ሆኜ በጀርባዋ ላይ ያደግሁት ሰው፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሐኪም የጻፋቸውን ሁለት ቃላት አንብቤ እህቴን ጠረጠርኩ። ተጽፏላ! ማንም ዝም ብሎ አይጽፍም አልኩ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጇም የራሷን ቤት ይዛለች፣ ማን ያውቃል አልኩ። ገና ከሆስፒታሉ አልጋ ሳትነሣ ወደ ቤቷ ገብቼ ቁም ሣጥኗን በረበርኩ፤ ከልብስ መስፊያ መኪናዋ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥም ግማሽ የቀረ፣ ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ አገኘሁ። ከፍቼ አሸተትኩት። አልኮል ነው።

ያን ጠርሙስ ይዤ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ቤቷ ገብታ ባረፈች በማግስቱ ዓይኗ እያየ በእቃ ማጠቢያው ላይ ገለበጥኩት፤ ጠርሙሱንም እስከ ጠብታው አራገፍኩት። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ጠበቀችና «አንተም?» ብቻ አለችኝ። እኔም ይህን የእምነት ቃል አድርጌ ወሰድኩት።

በዚያ አልበቃኝም። በሳምንቱ መጨረሻ ልጇንና አጎታችንን ጠርቼ የምክር ጉባኤ አደረግሁ። አጎታችን፣ ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ ስለ መጠጥ ጉዳት ሊመክር ሲመጣ የአፉን ሽታ በከረሜላ ሊደብቅ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ነው፤ እሱ እንኳ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያለ ጣቱን አወዛወዘባት። ልጇ አለቀሰች። እኔ ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ በሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ እንደሚጎድለው እንኳ አስተዋልኩ። እታለም በሶፋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የደንብ ልብስ ሊለኩ እንደመጡ ልጆች ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሁላችንንም ሰማች። ስንጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እየገባሁ ኪኒኖቿን በራሴ እጅ አውጥቼ፣ ውሃ ቀድቼ፣ መዋጧን አይቼ እወጣ ጀመር። በሦስተኛው ቀን፣ ይህቺ ትንሿ ኪኒን አልተስማማችኝም፣ ከጀመርኳት ወዲህ ነው ሆዴ የከፋው አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሳታቋርጥ ትውሰድ ይላል፣ አልኳት፤ ወረቀቱንም አሳየኋት። በስድስተኛውም ቀን ደገመችልኝ። ጠጪ ሰው ሰበብ አያጣም ብዬ አሰብኩና መዳፌን ዘረጋሁላት፤ አየችኝ፣ ዋጠቻትም። ይህን ስጽፍ እጄን ጠረጴዛው ሥር መደበቅ ያምረኛል፤ በሌላው እጄ መጻፍ አልችልም እንጂ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያው ሕመም እንደገና ጣላት።

ሆስፒታልዎ ስንመለስ ነርሷ ገና ከበሩ «ተመለሱ? ነገርንዎት እኮ!» ብላ ተቀበለቻት፤ አዲሱ ሐኪምም እሷን ሳያዩ ካርዷን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ካደረግኋቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ አንዱን መመለስ ቢፈቀድልኝ የምመልሰው ያንን ነው። እታለም አልጋው ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበርና አይታኛለች።

በሁለተኛው ቀን፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው፣ መነጽራቸውን በአንገታቸው በክር ያንጠለጠሉ አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ በሳምንት አንዴ የሚያደርጉትን የመድኃኒት ቁጥጥር ሲያደርጉ ከእታለም አልጋ ደረሱ። ካርዱን አልከፈቱም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «እሜቴ፣ ምን ምን ይውጣሉ? መቼ ጀመሩት?» አሏት። በመላው ሆስፒታልዎ ውስጥ ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። እታለም ቀኑን ሳትሳሳት ነገረቻቸው፤ የቁርጥ ሥራ የሚሠራ ሰው ቁጥር አይስትም። ሕመሙ ከኪኒኗ ሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ኪኒኗ ስትቋረጥ ሄደ፤ እኔ በእጄ ስመልሳት ተመለሰ። ባለሙያዋ መድኃኒቱን ላየው አሉ። የኪኒኑ ጠባቂ እኔ አይደለሁ፣ ካርቶኑን ከኪሴ አወጣሁ።

በካርቶኑ ውስጥ በስምንት የታጠፈ መግለጫ ወረቀት ነበር። አልተዘረጋም። እኔ፣ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ እንኳ ሳላነብ የማልጥል ሰው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳላነብ ያለፍኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ባለሙያዋ ዘርግተው ጣታቸውን ከታች በኩል ባለች አንዲት መስመር ላይ አሳረፉልኝ፦ «በጣም አልፎ አልፎ፣ የቆሽት ብግነት።»

ኪኒኗ ወዲያው ተቋረጠች። ደሟ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ግፊቷም በሌላ ዓይነት መድኃኒት ተያዘ፤ ይኸው ስድስት ወር ሆናት፣ ሕመሙ ዳግመኛ ደጇን አልረገጠም። እዚህ ላይ ባለሙያዋ በጥብቅ ያሳሰቡኝን ላስተላልፍ፦ ያቺ ኪኒን ለብዙ ሰው ደግ መድኃኒት ናት፤ ስንቱን ከድንገተኛ ሞት ጠብቃለች፤ ቆሽት የምትነካው ከስንት ሺህ አንዱን ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፤ አልተስማማኝም ካለ ግን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ይስማው። የኪኒኗ ስህተት እንግዲህ ከስንት ሺህ አንድ ነው። የእኛ ግን፣ የእርስዎም የእኔም፣ በአንዲት ሴት ላይ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም።

ወደ ተራ ቁጥሬ ልመለስ።

ሦስተኛ፤ ከካርዱ ላይ ሁለቱ ቃላት እንዲሰረዙ ላቀረብኩት ማመልከቻ ስለተሰጠኝ ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ፤ አራት ወር ብቻ ነው የፈጀው። የመድኃኒት ባለሙያዋ ሕመሙ ከኪኒኗ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር በግልጽ ጽፈው ከካርዱ ጀርባ አያይዘው ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ትሑት ሰው ናቸው፣ የጻፉት ሐኪም ወደ ሌላ ቦታ ስለተዛወሩ ያልጻፈ ሰው ሊሰርዝ እንደማይችል፣ የሚነበበውም የፊቱ ገጽ እንጂ የጀርባው እንዳልሆነ አስረዱኝ። በመጨረሻም በክቡርነትዎ ፊርማ «ካርዱ በሥርዓቱ መሠረት የተሞላ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። እውነት ነው፤ አልኮል የሚለው መስመር አልኮል በሚል ነገር ተሞልቷል፤ በሥርዓቱም መሠረት ሌላ መስመር አልነካም። ባለፈው ወር እታለም ዓይኗን ልትታይ ሄዳ ሐኪሟ የካርዱን ፊት ካነበቡ በኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው አፏን ሲያሸቱ ተሰምቷታል። ይህን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለልጇ ነው የነገረቻት። ለእኔ የማትነግረኝ ብዙ ነገር አላት አሁን። ሞራ የጋረደው ዓይኗንም ልትታከም ዳግመኛ አልሄደችም፤ በስፌት መርፌዋ ክር የምትሰካላት የጎረቤት ልጅ ናት።

አራተኛ፤ አሁን በልብዎ ያቆዩልኝን ነገር ያውጡልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሆስፒታልዎ ካርድ በአዲስ መልክ ሲታተም ረቂቁ የመጣው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነበር። በረቂቁ የመጨረሻ ተራ ላይ «በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት፣ የተጀመረበት ቀን» የሚል መስመር ነበረው፤ ማን እንዳስገባው አላውቅም፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉት ባለሙያ ቢሆኑ አይደንቀኝም። ከቢሮዎ ግን በራስጌው ላይ ያለው «አክብሮትና ርኅራኄ መመሪያችን ነው» የሚለው ጽሑፍ ጎላ ብሎ እንዲወጣ ትእዛዝ መጣ። ጎላ አደረግነው፤ የመጨረሻው ተራ ከገጹ ወጣ። ስልክ ተደወለልኝና፣ እንግዲህ ከመስመሮቹ አንዱን አንተው ራስህ መርጠህ አውጣ ተባልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እጩዎቹ ሁለት ነበሩ፦ የአልኮሉ መስመርና የመድኃኒቱ መስመር። የመድኃኒቱ ረዘም ይላል፣ የአልኮሉ አጭር ስለሆነ ገጹ ላይ አምሮ ይቀመጣል። እኔ በቀይ እስክሪብቶዬ ረጅሙን ሰረዝኩ፤ ከጎኑም «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ። ክቡርነትዎም ከጎኔ ፈረሙ። ያ ወረቀት አሁንም በማኅደራችን ውስጥ አለ፣ ባለፈው ሳምንት አውጥቼ አየሁት፤ ሁለቱ ፊርማዎች ጎን ለጎን እንደ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንዲሉ፣ ለእህቴ ውርደት ያጨበጨብነው ሁለታችን ነን። ሐኪሙ ያልጠየቋት ካርዱ ስላልጠየቃት ነው፤ ካርዱ ያልጠየቃት እኔ አፉን ስለዘጋሁት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ ግን መሬትም የምትውጠው በተራ ነው መሰለኝ።

የማመለክተው እንግዲህ ይህን ነው። በእኛ ሙያ ስህተት አይፋቅም፤ በላዩ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል፤ የቀድሞው ስህተትም ሥሩ እየታየ ይኖራል። ክቡርነትዎ በእህቴ ካርድ ላይ ያንኑ ያድርጉልኝ። ሁለቱን ቃላት ያስምሩባቸውና ከጎናቸው «አትጠጣም፤ እውነቷን ነበር» ብለው ይፈርሙ። ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም፤ እኔ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደማደርገው ስለማውቅ ነው። ካርዶቹም እያለቁ ስለሆነ የዳግም ኅትመት ትእዛዝዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አክብሮትና ርኅራኄን ጥቂት አሳንሼ የመድኃኒቱን መስመር መልሼያለሁ፤ ናሙናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ እኔ ፈርሜበታለሁ።

ለእህቴ ስላቀረብኩት ይቅርታ ማወቅ ከፈለጉ፣ ብዙ ጊዜ በሯ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ ፈርቼ። አንድ ቀን ግን ገባሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ኪሴን አየችና «ሸሚዝህን አውልቅ፣ ቀለም ነክቶታል» አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ፣ ማስለቀቂያውን እንኳ ደፍተኸዋል አለች። ያ ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ፣ ክቡር ሆይ፣ የእኔን ቀይ ቀለም ከሸሚዜ ኪስ ለማስለቀቅ ለዓመታት የምትጠቀምበት ስፒሪት ነበር። እያንዳንዱን ጠብታ ያዋለችው በእኔ ላይ ነው። ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ አዲስ ጠርሙስ ገዛሁና ሳልጠቀልለው፣ ከፍ አድርጌ ይዤው፣ በቀን ብርሃን፣ በሠፈሩ መካከል በካኒቴራ ሄጄ ሰጠኋት። ያየ ሁሉ አየኝ። እታለም በር ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳያማት ሳያት በዓመቱ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

ጤናዎ ተጠብቆ፣ ቆሽትዎ ሳይቆጣ፣ ካርድዎም እርስዎን በሚያውቅ ሰው እጅ ተሞልቶ ለብዙ ዓመታት በመንበርዎ እንዲቆዩ እየተመኘሁ፣ በፊርማዎ ጎን ለመፈረም ዕድል ስላገኘሁ ዘወትር አንገቴን ደፍቼ የምኖር፣

ታዛዥዎ፣
የታካሚ ካርዶችዎ አራሚ፣
የእህቱ ወንድም ለመባል ገና ያልበቃ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእታለም አነበብኩላት፤ ዓይኗ ስለደከመ ማለቴ ነው። እስከ መጨረሻው አዳምጣ አንድ ስህተት አገኘችብኝ። ከላይ «በሕይወቷ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም» ያልኩት ትክክል አይደለም፤ አርመው፣ ሰው ፊት ውሸት አታንብብልኝ ብላኛለች። ስለዚህ አርሜያለሁ፦ እታለም በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ አንድ ብርጭቆ ጠጥታለች። የጠጣችውም በእኔ ሠርግ ቀን፣ የወንድሜ ደስታ እምቢ አይባልም ብላ፣ ለእኔ ጤና ነው። ሆስፒታልዎ በካርዷ ላይ ሊመዘግብላት ከፈለገ ቀኑን አልረሳሁትም፤ የሚሞላበት መስመርም አለ፤ እኔው ነኝ ሳልሰርዝ ያቆየሁት።